ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? ዳገቱም ቁልቁለቱም ይጠየቁ

ሰው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሲወጣ ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል፤ ዘመድ ደግሞ ከተመራቂው ብሶ ያምናል። እኛም ዲግሪያችንን ይዘን ከወጣንበት ቀን ጀምሮ ስለ ቴሌቪዥን ብልሽት፣ ስለ ቤት ካርታና ስለ ጨጓራ ሕመም ያልተጠየቅነው ነገር የለም። ባለፈው ሰሞን ግን ከወደ አሜሪካ የመጣብን ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ሆኖ አገኘነው። መልሱን ስንፈልግ የተማርነው ነገር ሌላውንም ሰው ይጠቅም ይሆናል ብለን ስለ አሰብን፣ በዛሬው እሑድ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ጠያቂው አጎታችን ናቸው። ጋሼ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው በኦሮራ ከተማ ከተቀመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ስለሆነ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ ወሬውም አይጎድልባቸውም። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ የቀራቸውም ምኞት በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ተራራው መውጣት ነው። ለዚህም ሲሉ አሜሪካኖች «ካምፐር» የሚሏትን፣ አልጋዋም ምድጃዋም በውስጧ ያለ፣ ባለ ጎማ ተጎታች ቤት መርጠዋል። ቤቲቱ ዕቃዋ ሲሞላ 3 ቶን ትመዝናለች። የሚጎትታት ፒክአፕ ግን ገና አልተገዛም ነበር።

ነገሩ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። መኪና ሻጩ «ለተራራ ያለ ናፍጣ አይሆንም» ይላቸዋል፤ ጎረቤታቸው ደግሞ «ቤንዚን ይበቃዎታል» ይላቸዋል። በአንድ ዓይነት ከባድ ፒክአፕ ላይ ባለ ናፍጣው ከባለ ቤንዚኑ ወደ 10,000 ዶላር የሚጠጋ ብልጫ አለው። ይህን የሚያህለውን ገንዘብ ጋሼ ለታላቂቱ የልጅ ልጃቸው የመጀመሪያ ዓመት ኮሌጅ ብለው አስቀምጠውታል። «ልጄ፣ መቼም አንተ የተማርክ ሰው ነህ» አሉን በስልክ፤ «ገንዘቡን ከፍዬ ልጆቹን በሰላም ላድርስ? ወይስ ገንዘቡን ይዤ ተራራው ላይ ልዋረድ?»

መልስ ከመስጠታችን በፊት ሁለቱ ሞተሮች በምን እንደሚለያዩ ማየት ነበረብን። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስተኑ አየሩንና ነዳጁን ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ይጠቀጥቃቸውና ካንዴላው በብልጭታ ያቀጣጥላቸዋል። ናፍጣ ግን ካንዴላ አያውቅም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1889 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1897) ሠርቶ ባሳየው ዘዴ አየሩ ለብቻው ይታመቃል፤ በዛሬዎቹ ሞተሮች እስከ አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህል ይደርሳል። የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። በናፍጣ ሞተር ውስጥም አየሩ ሲታመቅ እጅግ ስለሚግል፣ ነዳጁ በተረጨ ጊዜ ያለ ብልጭታ በራሱ ይነዳል። እንዲህ ያለውን ግፊት የሚችል ሞተር ወፍራምና ከባድ መሆን አለበት፤ ውድ የሚሆንበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ያህል፣ ፎርድ በ2020 የፈረንጆች ሞዴል ለከባድ ፒክአፖቹ ያቀረባቸውን ሁለት ሞተሮች እንውሰድ። የቤንዚኑ 7.3 ሊትር ሆኖ 430 የፈረስ ጉልበት፣ የናፍጣው 6.7 ሊትር ሆኖ 475 የፈረስ ጉልበት አለው። በዚህ ብዙም አይራራቁም። ሞተሩ ጎማውን የሚጠመዝዝበት ኀይል ሲለካ ግን ቤንዚኑ 644 ኒውተን ሜትር፣ ናፍጣው 1,424 ነው፤ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ናፍጣው ይህን የሚያወጣው በደቂቃ 1,600 ዙር ብቻ እየዞረ ሲሆን፣ ቤንዚኑ ግን 4,000 ዙር መድረስ አለበት። ባጭሩ አንዱ እያጉረመረመ የሚያወጣውን ዳገት ሌላው እየጮኸ ያወጣዋል።

አሁን ወደ ጋሼ መንገድ እንሂድ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባችን በብዙ ታንሳለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚወስደው 70 ቁጥር አውራ ጎዳና ግን በ100 ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት ውስጥ ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ ወጥቶ በአይዘንሃወር ዋሻ ይገባል። የዋሻው የመጀመሪያ መተላለፊያ የተከፈተው በ1965 ዓ.ም. ሲሆን ሁለተኛው በ1972 ዓ.ም. ተጨምሯል። ርዝመቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። ከዋሻው በምዕራብ በኩል ሲወጣ እስከ 7 በመቶ የሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ይጀምርና ሲልቨርቶርን እስከምትባለው ከተማ ድረስ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል። በመንገዱም ዳር ፍሬን የከዳው ካሚዮን ገብቶ የሚቆምበት፣ ሽቅብ የተሠራ ማምለጫ ተዘጋጅቷል። እንዲህ ያለ ማምለጫ ያለ ምክንያት እንደማይሠራ አንባቢ ያውቀዋል።

በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው የሚተነፍስ ስለሆነ፣ በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚሠራው ቤንዚን ከጉልበቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል። 430 የነበረው የፈረስ ጉልበት 300 ያህል ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ናፍጣው ግን ቱርቦ የሚባል አየር መጭመቂያ ስላለው የጎደለውን አየር በኀይል እየሳበ ይሞላል፤ ስለዚህ የሚጎድልበት ጥቂት ነው። ሆኖም ቱርቦ የናፍጣ ብቻ ሀብት አይደለም፤ ቱርቦ ያላቸው የቤንዚን ፒክአፖችም አሉ። በከፍታ ላይ «የናፍጣ ብልጫ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው የቱርቦ ብልጫ መሆኑን ሻጩ ለጋሼ አልነገራቸውም።

ታዲያ 300 የፈረስ ጉልበት አይበቃም ወይ? አስልተን አየነው። ፒክአፑና ቤቲቱ አንድ ላይ 6 ቶን ይሁኑ። ይህን ክብደት በ6 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለማውጣት ዳገቱ ብቻውን 105 የፈረስ ጉልበት ያህል ይጠይቃል። የነፋሱን ግፊትና የጎማውን ሰበቃ ስንጨምርበት ከ150 እስከ 200 ቢደርስ ነው። እንግዲህ ቤንዚኑ ይጮኻል እንጂ ዳገቱን ይወጣዋል።

ከባዱ ጥያቄ ቁልቁለቱ ነው። ከዋሻው እስከ ሲልቨርቶርን 700 ሜትር ያህል መውረድ አለ። 6 ቶን ክብደት 700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኀይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ በአምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል፤ የቀረውን ሹፌሩ በእግሩ ብቻ ልያዘው ያለ እንደሆነ ፍሬኑ ይግላል፤ ከጋለም በኋላ መያዙን ይተዋል። መድኃኒቱ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን እንደ ፍሬን መጠቀም ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲነሳበት የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ፒስተኖቹ ባዶ እየሳቡ መኪናውን ይይዙታል። ናፍጣ ግን እንዲህ ያለ የአየር መዝጊያ ስለማያሻው በተፈጥሮው ቁልቁለት ላይ ልቅ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት በዛሬዎቹ ከባድ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ የጭሱን መውጫ እያፈነ የሚያዘገይ መሣሪያ ይገጠማል። መሣሪያው ሲሠራ ናፍጣው ከቤንዚኑ በልጦ ይይዛል። በአሮጌ መኪና ላይ መሣሪያው ከሌለ ወይም ከተበላሸ ግን ናፍጣ መሆኑ ብቻውን ማንንም አያድንም።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገርም አለ። ተጎታች ቤት ከክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በመጎተቻው ላይ ትጭናለች፤ የጋሼ ቤት ከ300 እስከ 450 ኪሎ መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ልጆቹ፣ ማገዶውና የበረዶ ሣጥኑ አሉ። ፒክአፑ ምን ያህል እንደሚሸከም በሹፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። የናፍጣ ሞተር ራሱ ከባድ ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ፒክአፕ ላይ ባለ ናፍጣው ከባለ ቤንዚኑ ያነሰ ጭነት እንዲሸከም የሚፈቀድለት ጊዜ ብዙ ነው። ጉልበት ጨመርኩ ያለ ሰው ትከሻ ሊቀንስ ይችላል።

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ፣ ለምሳሌ ቤቲቱን ስትጎትት ቤንዚኗ በ100 ኪሎ ሜትር 28 ሊትር፣ ናፍጣዋ 21 ሊትር ይጠጣሉ እንበል። የሁለቱንም ዋጋ በሊትር 1 ዶላር ብናደርገው ልዩነቱ 7 ዶላር ነው። 10,000 ዶላሩን ለመመለስ ወደ 143,000 ኪሎ ሜትር መጎተት ያስፈልጋል። ጋሼ በዓመት አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው 600 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ ገንዘባቸው የሚመለሰው ከ47 ዓመት በኋላ ነው! እርግጥ ባለ ናፍጣ ፒክአፕ ሲሸጥ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ነገር ግን የሚፈልገው ዘይት ብዙ ነው፤ ጭሱን የሚያጠራ ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ ይጨመርለታል፤ በብርቱ ብርድ ነዳጁ ይረጋል፤ አጫጭር መንገድ ብቻ ሲሄድም የጭስ ማጣሪያው በጥላሸት ይታፈናል። አምስት ቶንና ከዚያ በላይ የሚጎትት፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ ተራራ ላይ የሚውል ሰው ናፍጣ ቢገዛ ልክ ነው። ለጋሼ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንባቸዋል።

ይህን ሁሉ ጽፈን መልሰን ደወልንላቸው። ቁጥራችንን በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ ሳቁ። «ስለ ቁልቁለቱ ያልከውን እኔ ያለ ዲግሪ አውቀዋለሁ» አሉን። ለካ ጋሼ በ1960ዎቹ ዓመታት፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ በአሰብ መንገድ ተሳቢ በሚጎትት ፊያት ኤንትሬ ላይ ረዳት ነበሩ። ሥራቸው መኪናው በቆመ ቁጥር ዘልለው ወርደው ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ነበር። አለቃቸው የነበሩት ሹፌር ጣርማ በር አናት ላይ ሳይቆሙ አልፈው አያውቁም ነበር። ፍሬኑን ሞክረው፣ ጎማውን በእጃቸው ዳስሰው፣ በወጡበት ማርሽ ይወርዱ ነበር። የቸኮለ መንገደኛ ሲያጉረመርም «አናት ላይ ያልቆመ፣ ታች ላይ አይቆምም» ይሉት ነበር አሉ። ጋሼ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ከዚያ ገደል ሥር የቀሩ መኪናዎችን በዓይናቸው አይተዋልና።

«እንግዲያው ምን አስፈራዎ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ያን ጊዜ የጫንኩት ጨው ነበር» አሉን፤ «አሁን የምጭነው ልጆቹን ነው።»

ጋሼ ባለ ቤንዚኑን ከባድ ፒክአፕ ገዙ። ካስቀመጡት ገንዘብ ጥቂቱን ብቻ አንሥተው ለተጎታቿ ጎማዎች የራሳቸውን ፍሬን የሚያዝ መቆጣጠሪያ አስገጠሙበት፤ የቀረው ለኮሌጅ ተቀመጠ። ከመጀመሪያው ጉዟቸው በኋላ እንደ ነገሩን፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጮኾ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘዋል፤ ባለ ናፍጣዎቹም ጥለዋቸው አልፈዋል። ጋሼ ግን በቀኝ መስመር ይዘው፣ ከዋሻው ሳይወጡ ማርሹን ቀንሰው፣ ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወረዱት። ሲልቨርቶርን ሲደርሱ ቆመው፣ እንደ ድሮ አለቃቸው እጃቸውን ወደ ጎማው አስጠግተው ሙቀቱን ለኩ። ለብ ያለ ብቻ ነበር። ታላቂቱ ልጅ ምን እያደረጉ እንደሆነ ስትጠይቃቸው የጣርማ በርን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረው አጫወቷት።

እኛም አገር ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ያዘቀዝቃል። ተሳቢ ይዞ ለመውረድ መኪና የሚመርጥ ሁሉ ሻጩን ስለ ዳገቱ ከጠየቀ በኋላ ስለ ቁልቁለቱም ይጠይቀው፤ ሻጩ መልስ ካጣ፣ በዚያ መንገድ ያረጀ አንድ ሹፌር ፈልጎ ይጠይቅ እንላለን።