በወቅቱ የደረሰውን መብላት ለጤናችን ያለው ጥቅም

ታማሚ ለመጠየቅ ስትሄዱ በፌስታል ይዛችሁ የምትሄዱት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ከውጭ አገር የመጣ ቀይ ፖም በውድ ዋጋ ገዝተን እንሄዳለን። መንገድ ዳር ጉሊት ላይ በመደብ በመደብ የተቀመጠውን ዘይቱን ግን ዞር ብለን እንኳ አናየውም። የልጆችና የድሀ ፍሬ አድርገን ስለምንቆጥረው ይዘነው መሄድ ያሳፍረናል። ሆኖም በ100 ግራም ዘይቱን ውስጥ ከ200 ሚሊግራም የሚበልጥ ቫይታሚን ሲ ይገኛል። ያንኑ ያህል በሚመዝን ብርቱካን ውስጥ 50 ሚሊግራም ገደማ ሲኖር፣ በፖም ውስጥ ያለው ግን 10 እንኳ አይሞላም። ይህን የምለው ፖምን ለማጣጣል አይደለም፤ የወንጌል መልእክተኞች ወደ ጨንቻ ያስገቡትን የጋሞ ደጋ ፖም እኔም እወደዋለሁ። ውድ የሆነው ሁሉ ለሰውነት ይበልጣል የሚለው ሐሳብ ግን ትክክል አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ድንችና ሌሎች ስታርች የበዛባቸው ሥራ ሥሮች በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። እንግዲህ አስቡት፤ አምስት አዋቂዎች ባሉበት ቤት ይህ በቀን 2 ኪሎ ማለት ነው! ወቅቱ ያልሆነውን እየመረጠ ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ የማይታሰብ ነው። ቲማቲም በክረምት የሚወደደው ዝናቡና እርጥበቱ በሽታ ስለሚያመጣበትና ቶሎ ስለሚበሰብስ ነው። በዚያው ሰሞን ጎመኑ በየጓሮው ለምልሟል። እኛ ግን ያለ ቲማቲም ወጥ የሚሠራ አይመስለንም።

ከዋጋው ሌላ የትኩስነት ጉዳይም አለ። ቅጠል ከተቆረጠ በኋላም መተንፈሱን አያቆምም፤ በተለይ ሙቀት ባለበት ቦታ ሲውል ሲያድር ቫይታሚን ሲው በየቀኑ ይቀንሳል። በቆሎ እሸት ጠዋት ተቆርጦ ለማታ ሲጠበስ የሚጣፍጠው፣ ሦስት ቀን የቆየው ግን ጣዕሙ የሚጠፋው ለምን ይመስላችኋል? በውስጡ ያለው ስኳር ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ወደ ስታርችነት ስለሚለወጥ ነው። ይህ ሲባል የቆየ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ካሮትና ጥቅል ጎመን በደንብ ከተያዙ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ።

እያንዳንዱ ወራት የራሱ ስጦታ አለው። በነሐሴ በቆሎ እሸቱና በለሱ ይመጣል። (በቆሎ የሚቆጠረው ከእህል ነው፤ የጎመንን ቦታ አይተካም። በለስም ቢጣፍጥ ሲበዛ ሆድ ያደርቃል።) በመስከረምና በጥቅምት የባቄላ እሸት፣ በታኅሣሥና በጥር የሽምብራ እሸት ይከተላል፤ በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ማንጎው ይደርሳል። ደጋና ቆላ ስለሚለያይ የየአካባቢያችሁን ወቅት ከባለ ጉሊቷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እርሷን ጠይቁ።

ስለ ጎመን ጥቂት ልጨምር። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ጎረቤቶቻችን በጾም ወራት አትክልት በብዛት ይመገባሉ። እኛ ወንጌላውያን ግን የፍስክ ቀን የጾም ቀን ብለን ስለማንለይ ጎመን ከገበታችን ለሳምንታት ቢጠፋ ልብ የሚል የለም። ጎመን ግን ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን አለው፤ ይህም እናት ማርገዟን ከማወቋ በፊት ጀምሮ ለፅንሱ አከርካሪና አንጎል አፈጣጠር ያስፈልጋል (ሐኪም የሚያዘውን እንክብል ግን አይተካም)። ጎመኑን በመጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ከዚያ ክተፉ። ከትፎ ማጠብ ቫይታሚኑን ከውኃው ጋር ይወስደዋል፤ ቀቅሎ ውኃውን መድፋትም እንዲሁ። ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ ለአጭር ጊዜ አብስሉት፤ ዘይቱ ሰውነት ቫይታሚን ኤን እንዲያገኝ ይረዳል። ሲወጣ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ሰውነት ከጎመኑ ብረቱን በተሻለ ይወስዳል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚያግዱ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ በክረምት የአሜባና የወስፋት መንገድ ሊሆን ስለሚችል በአጠባበቡ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ።

በየሳምንቱ ለቤት ኅብረት ስንሰበሰብ የምናቀርበው ብስኩትና ለስላሳ መጠጥም ቢታሰብበት ጥሩ ነው። በእሸት ወራት አንድ ሰፌድ የባቄላ እሸት፣ በማንጎ ወራት የተላጠ ማንጎ ቢቀርብ ወጪው ብዙም አይበልጥም። ማንጎው ተጨምቆ ስኳር ከሚጨመርበት እንዳለ ቢበላ ይመረጣል፤ አሰሩ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሰዋል።

ለሕመምተኛ ዘይቱን ወይም ማንጎ ይዛችሁ ስትሄዱ ግን የምትጠይቁት ሰው የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት አስቀድማችሁ አስታማሚውን ጠይቁ። በተለይ የኩላሊት ሕመምተኞች ፖታሲየም የበዛባቸውን ፍራፍሬዎች እንዲቀንሱ ሐኪም ሊያዛቸው ይችላል።