ከሀገረ ሕይወት እስከ ወንጪ በፈረስ

ከአዲስ አበባ ማልዶ የተነሣ መንገደኛ የነቀምትን መንገድ ይዞ ቢጓዝ ቁርሱን በሀገረ ሕይወት ሊበላ ይችላል። ዛሬ አምቦ የሚለው ስም ቢያይልም፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከተማይቱን አሁንም በዚያ ስሟ ያውቋታል። እኛም ያለፈውን ቅዳሜ ለዚህ ጉዞ መድበን ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን።

በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኰንኖች የጦር ትምህርት ቤት ያቋቋሙባትን ሆለታን አልፈን አዲስ ዓለም ስንደርስ ጥቂት ቆምን። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ ባጠራት ጊዜ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ በቅሎ አዲስ አበባን ባያድናት ኖሮ ይህ ጋዜጣ ዛሬ የሚታተመው በአዲስ ዓለም ይሆን ነበር ማለት ነው! ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ግን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጊንጪ ነው፤ በስተ ደቡቡ የደንዲ ተራራ በአናቱ ሐይቅ ይዞ ተቀምጧል።

ስለ አምቦ ውሃ ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሆኖም የሚፈላበትን ምክንያት ብዙ ሰው አይጠይቅም። የዝናቡ ውሃ በአለት ስንጥቅ ወደ ታች ሲሰርግ ከምድር ጥልቅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ያገኘዋል፤ ጨውና ማዕድን አሟሙቶም ይመለሳል። ባላገሩ እንዲህ ያለውን ውሃ ሆራ ይለዋል፤ ከብቱንም ነድቶ ያጠጣዋል። በሰንቀሌ ያለው ፋብሪካ ሥራውን የጀመረው በ1922 ዓ.ም. ገደማ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ነው። ከዚያ ወዲህ በአገራችን የሚፈላ ውሃ ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ «አምቦ» ተብሎ ይጠራል።

ከአምቦ ወደ ወሊሶ የሚያልፈውን መንገድ ይዘን ሠላሳ ኪሎሜትር ያህል ሽቅብ እንደ ወጣን አየሩ ተለወጠ። ጤፉ ቀርቶ ገብስ፣ በየቤቱም ዙሪያ እንሰት ይታይ ጀመር። የተራራው ከፍተኛ ጫፍ 3,386 ሜትር ነውና ካፖርት ያልያዙት ጓደኞቻችን ወዲያው ተንቀጠቀጡ። ሀሮ ወንጪ ከተባለው መንደር (ሀሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው) አንድ ወጣት መሪና ፈረሶች ተሰጡን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠውን «ጋሼ» እያለ በመጀመሪያ አስቀመጠውና፣ በቁልቁለት ወደ ኋላ ዘንበል፣ በአቀበት ወደ ፊት ጎንበስ እንድንል አስጠነቀቀን።

ከአፋፉ ላይ ሆኖ ቁልቁል ማየት የሚያስደነግጥ ነው። ወንጪ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበር፤ የውስጡ እሳት ተተፍቶ ሲያልቅ አናቱ ተደርምሶ ገባና ጎድጓዳውን ውሃ ሞላው። ዛሬ በዚያ ድስት ውስጥ ሐይቅ፣ ደሴት፣ የእርሻ ማሳና መንደር አለ። ጠባቡ መንገድ በአስታና በኮሶ ዛፍ መካከል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እረኞች «አካም ጅርቱ» እያሉ ሰላምታ ሰጡን፤ ፈረሶቹ ድንጋዩን ከእኛ ይልቅ ያውቁታልና ልጓሙን ለቀቅ አደረግንላቸው።

በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስላለ በጀልባ ተሻገርን። ከዚያም ውሃው ከሐይቁ በሚወጣበት ሸለቆ በኩል ሄድን። ፍል ውሃ፣ እንደ አምቦ ያለ የሚፈላ ምንጭና በውሃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሁሉ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። መሪያችን የነገረን አንድ ነገር አስገረመን፤ ከደንዲ ሐይቅ የሚወጣው ሁሉቃ በጉደር በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ ጎረቤቱ የወንጪ ውሃ ግን በዋልጋ በኩል ወደ ኦሞ ይወርዳል። ሁለቱ ተራሮች በዓይን ይተያያሉ፤ ውሃቸው ግን አንዱ ግብፅ፣ አንዱ ቱርካና ሐይቅ ይገባል።

ምሳችን ቆጮ በአይብ፣ ቅቅል ድንችና ማር ነበር። የፈረሶቹ ባለቤት ከሆኑት አዛውንት ጋር የተጫወትነው በዚሁ ጊዜ ነው። የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ጎብኚዎችን በተራ መምራትና ፈረስ ማከራየት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከልዩ ልዩ አገሮች ከመረጣቸው 44 መንደሮች አንዷ ወንጪ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ በታወጀው «ገበታ ለሀገር» ደግሞ መንገድና የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ። አዛውንቱ በዚህ አላዘኑም፤ በሽተኛ በቃሬዛ ይወጣ እንደ ነበር አይረሱትም። ጭንቀታቸው አንድ ነው፤ በመኪና እስከ ሐይቁ የሚወርድ እንግዳ ፈረስ አይከራይም፣ ፈረስ ካልተከራየ ደግሞ ገብሱን የሚበላው በከንቱ ነው። ወጣቱ መሪ «አባ፣ እንግዳው ሲበዛ ለፈረሱም ይተርፋል» በሚል አሳብ ተከራከራቸው። እሳቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

እኛ ወደ አዛውንቱ እናደላለን። በሞሮኮ፣ 4,167 ሜትር ከፍታ ባለው በቱብቃል ተራራ ሥር፣ ኢምሊል የምትባል የበርበሮች መንደር አለች። መኪና እስከዚያ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጓዙን የሚሸከመው የባላገሩ በቅሎ ነው፤ ከማራኬሽ ለአንድ ቀን የሚመጣውም እንግዳ ገንዘቡን በየመንደሩ ይተዋል። በወንጪም መኪናው በአፋፉ ላይ ቢቆምና ለደካሞች ብቻ ቢፈቀድ፣ ቁልቁለቱ ለፈረሱ ቢተው ማን ይጎዳል? እንግዳውም ቢሆን የሚደሰተው በዚያ መንገድ ነው።

ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ክረምቱ እንዳበቃ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ ቢነሣ መልካም ነው። ወፍራም ልብስ፣ ለፈረስና ለጀልባ የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ ይያዝ። ከወንጪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተነሣ፣ አዲስ አበባ ሳይገባ በአምቦው ፍል ውሃ ገላውን ለመታጠብ ጊዜ ይተርፈዋል።