ናይትሮጅን በሙቀት ብቻ ለምን አይለቅም?

የነዳጅ ማጣሪያ ትምህርት ላይ ስለ ሰልፈር ብዙ እንማራለን። ናይትሮጅን ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔም ይቺን አንድ መስመር ትንሽ ላብራራት ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ለምሳሌ በካናዳ፣ አልበርታ የሚወጣውንና ሬንጅ የሚመስለውን የአታባስካ ከባድ ዘይት እንውሰድ። ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ሰልፈር፣ ግማሽ በመቶ ገደማ ደግሞ ናይትሮጅን ነው። «ይቺማ ምን ታመጣለች?» ያሰኛል። ነገር ግን እንደ ፒሪዲንና ኩዊኖሊን ያሉት ቤዝ የሆኑ ውህዶች የክራኪንግ ካታሊስቱን አሲዳማ ቦታዎች እየያዙ ስራ ያስፈቱታል።

እዚያ በ1967 እ.ኤ.አ. ስራ የጀመረው የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ ዘይቱን የሚሰባብረው በኮኪንግ ነበር። ይህም ማለት ያለ ካታሊስት፣ ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ነው። ታዲያ ናይትሮጅኑ በዚህ ሁሉ ሙቀት አሞኒያ ሆኖ ለምን አይወጣም?

የመማሪያ መጽሐፍ ሰንጠረዥ ብናይ፣ የካርቦንና የካርቦን ነጠላ ቦንድ በአማካይ 347፣ የካርቦንና የናይትሮጅን ደግሞ 305 ኪሎጁል በሞል ነው። በዚህ ሂሳብ ናይትሮጅኑ ቀድሞ መላቀቅ ነበረበት። አሚኖች እውነትም በቀላሉ ይፈርሳሉ። የከባድ ዘይት ናይትሮጅን ግን በአብዛኛው አሮማቲክ ቀለበት ውስጥ ነው ያለው። እዚያ ኤሌክትሮኖቹ የቀለበቱ ሁሉ የጋራ ስለሆኑ ደካማ ነጠላ ቦንድ የለም። ስለዚህ የሚበጠሱት የጎን ሰንሰለቶቹ ናቸው፤ ቀለበቶቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ኮክ ይሆናሉ። አብዛኛው ናይትሮጅን ኮኩ ውስጥ ይቀራል፣ የተረፈው በብዛት ከጋዝ ኦይሉ ጋር ይሄዳል፤ አሞኒያ የሚሆነው ጥቂት ነው።

ጋዝ ኦይሉን የሚያጸዳው ሃይድሮጅን ነው። በከፍተኛ ግፊት፣ በኒኬልና ሞሊብዲነም ካታሊስት፣ ከ350 እስከ 400 ዲግሪ ይበቃል። ከኮኪንጉ ያነሰ ሙቀት መሆኑን ልብ በሉ! ሚስጥሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ሞል ፒሪዲን 5 ሞል ሃይድሮጅን ይወስዳል። 3ቱ ቀለበቱን ሲያጠግቡት ጠንካራው ቦንድ ተራ ነጠላ ቦንድ ይሆናል። ከዚያ 2ቱ ሁለቱን የናይትሮጅን ቦንዶች ይቆርጣሉ፤ አንድ ሞል ፔንቴንና አንድ ሞል አሞኒያ እናገኛለን።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሙቀት ብቻውን ናይትሮጅኑን ቦታ ያስቀይረዋል እንጂ አያስወግደውም። በዲዛይን ፕሮጀክት ከባድ ድፍድፍ የሚደርሳችሁ ልጆች፣ የሃይድሮጅኑን ሂሳብ በሰልፈር ብቻ እንዳትዘጉት። ሃይድሮጅን ውድ ነው፤ ናይትሮጅኑም ድርሻውን ይጠይቃል።