ስሟ የተቆረጠባት ጎብዬ

ከቆቦ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጎብዬ ስሟ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ የውጤት ወረቀት የሚያወጣ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። በእኔ ዊንዶውስ ደኅና ሠራ፤ በትምህርት ቤቱ ሊኑክስ ግን ጎብዬ «ጎብ» ሆና ወጣች፤ ከቆቦም የቀረው «ቆ» እና አንድ የጥያቄ ምልክት ነው። አንዱ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ መጣና «መምህር፣ አገሬን ቆረጡብኝ» አለኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዊንዶውስ በውስጡ በሚጠቀምበት በዩቲኤፍ-16 አንድ የግዕዝ ፊደል 2 ባይት ይይዛል፤ በሊኑክስና በማክ በተለመደው በዩቲኤፍ-8 ግን 3 ባይት ይፈልጋል። እኔ ለሁሉም ሁለት ሁለት ስለ መደብኩ፣ 9 ባይት ለሚያስፈልጋት ጎብዬ 6 ብቻ ደረሳት።

አንባቢ ሆይ፣ ሦስት ዓይነት ኮምፒውተር ገዝቶ መፈተን በመምህር ደመወዝ የሚሞከር አይደለም። ዳሩ ግን ኮንቲኒዩስ ኢንቴግሬሽን የሚባል ዘዴ አለ። ይኸውም በጊትሀብ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአንድ አጭር ፋይል ዊንዶውስ፣ ኡቡንቱ፣ ማክ ብለን የጻፍን እንደ ሆነ፣ ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር በሦስቱም ላይ እንደ አዲስ ተሠርቶ ይፈተናል። ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ሥራ ዋጋ አይጠየቅበትም። ኮምፒውተሮቹ ያሉት በሌላ አገር ስለ ሆነ፣ እዚህ መብራት ቢጠፋም ፈተናው አይቋረጥም። (አንዱ ሲወድቅ የቀሩትን ማቋረጥ ልማዱ ነውና ይህን አስቀድሞ መከልከል ይበጃል፤ አለዚያ የማክ ውጤት ሳይታወቅ ይቀራል።)

ጎብዬንና ቆቦን የመፈተኛ ቃል አድርጌ አስገባሁ። በመጀመሪያው ማታ ዊንዶውስ አረንጓዴ፣ ሁለቱ ቀይ ሆኑ። ፊደል መቁጠሩን ትቼ፣ ቃሉ ወደ ባይት ከተለወጠ በኋላ ርዝመቱ እንዲለካ አደረግሁ፤ ያን ጊዜ ሦስቱም አረንጓዴ ሆኑ። የልጁም ወረቀት በማግሥቱ እንደገና ታተመ።