ከዓይን የሚያመልጠው የቀለም እንቅስቃሴና የፎቶግራፍ ማስረጃነቱ

የጽሕፈት ቀለም ጠብታ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ስትወድቅ ተመልካቹ የሚያየው ቀስ በቀስ የሚሰራጭ ጥቁር ደመና ነው። ይሁንና ጠብታዋ የውሃውን ገጽ በነካችበት ቅጽበት የሚፈጸመው ሁሉ በሰከንድ ጥቂት መቶኛ ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ ዓይን ሊከታተለው አይችልም። ይህንን ቅጽበት በፎቶግራፍ ለማስቀረት የተጀመረው ጥረት ከ130 ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። ጥረቱ በየጊዜው ካስገኛቸው ውብ ምስሎች ባሻገር፣ የሰለጠነ ዓይን እንኳ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ሊመዘግብ እንደሚችል በማሳየቱ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ይሰጠዋል።

የምርምሩ መነሻ ራሱ የተንጠባጠበ ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር በራግቢ ትምህርት ቤት ይማር የነበረ አንድ ልጅ፣ በጥላሸት በጠቆረ መስታወት ላይ ሳይታሰብ የወደቁ የቀለም ጠብታዎች የተዉትን ምልክት ልብ ይላል። ምልክቱ ተራ ነጥብ ሳይሆን ከመሐሉ ወደ ዳር የሚዘረጉ ጨረሮች ያሉት ነበር። ይህንን ጉዳይ ተከትለው ምርምር የጀመሩት እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ አርተር ሜሰን ወርዚንግተን ሲሆኑ፣ በኋላም በዴቮንፖርት በሚገኘው የንጉሣዊ ባሕር ኃይል የምህንድስና ኮሌጅ በማስተማር ላይ ሳሉ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ለዚሁ ሥራ አውለውታል።

ወርዚንግተን የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላልና ብልሃት የተሞላበት ነበር። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይጨልማል። የወተት ወይም የሜርኩሪ ጠብታ ከተወሰነ ከፍታ ትለቀቃለች። ከተለቀቀች በኋላ በጥንቃቄ በተለካ ጊዜ አንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይበራና ወዲያው ይጠፋል። ተመራማሪው በዚያች ብልጭታ ያዩትን ቅርጽ በዓይናቸው ውስጥ ከቀረው ምስል ተነስተው በእርሳስ ይስላሉ። ቀጥሎ ሌላ ጠብታ ይለቀቅና ብልጭታው በጥቂቱ እንዲዘገይ ይደረጋል። በዚህ ሁኔታ አንዱ ጠብታ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ነው በሚል እሳቤ፣ ከብዙ ጠብታዎች የተገኙት ሥዕሎች ተሰልፈው የአንዲት ጠብታ ሙሉ ታሪክ ሆነው ይቀርባሉ።

ሥዕሎቹ እጅግ የተመጣጠኑ ነበሩ። ጠብታዋ ወለሉን ስትነካ ዙሪያዋን እኩል ትሰፋለች፤ ጨረሮቿም በእኩል ርቀት ይደረደራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1894 ግን ወርዚንግተን ብልጭታውን በፎቶግራፍ መስታወት ላይ ለማስቀረት ቻሉ። ብርሃኑ የሚቆየው ለሰከንድ ጥቂት ሚሊዮንኛ ብቻ ሲሆን፣ በፎቶግራፉ ላይ የታየው ጠብታ ግን በሥዕሉ ላይ እንደነበረው አልነበረም። አንዱ ጨረር ረዝሟል፤ ሌላው ተቆርጧል፤ በአንድ ወገን ያለው ጠርዝ ከሌላው ወገን ቀድሞ ተበጣጥሷል። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ ተመራማሪው የቀድሞ ማስታወሻቸውን መለስ ብለው ሲመለከቱ ያልተመጣጠኑ ቅርጾችን አስቀድመውም አይተውና ስለው እንደነበር መገንዘባቸው ነው። ይሁን እንጂ እነዚያን ሥዕሎች በጠብታው ላይ የደረሰ አጋጣሚ እክል አድርገው በመቁጠር ከኅትመት ሲያስቀሯቸው ኖረዋል። ወርዚንግተን ይህንን ሳይሸሽጉ በጽሑፍ አስፍረውታል። የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪዎቹ ሎሬይን ዳስተንና ፒተር ጋሊሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ተጨባጭነት ታሪክ ያሳተሙትን መጽሐፍ የጀመሩትም በዚሁ የወርዚንግተን ገጠመኝ ነው።

እዚህ ላይ ወርዚንግተንን እንደ አታላይ መቁጠር ተገቢ አይሆንም። ከመቶ ውጤቶች መካከል ንጹሑንና ግልጹን መርጦ «ዓይነተኛው ይህ ነው» ብሎ ማቅረብ በዘመኑ የሊቃውንት ወግ ነበር። የመስክ መረጃ ሰብስቦ ሪፖርት ያዘጋጀ ማንኛውም ሠራተኛ ይህ ፈተና እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ያለው በዚህኛው ጉዳይ ከታዛቢው ፈቃድ ውጪ የሆነ ማስረጃ በመገኘቱ ላይ ነው።

ለመሆኑ ይህንን ማስረጃ ያስገኘው ምንድን ነው? በብዙዎች ዘንድ ፈጣን እንቅስቃሴን ለመያዝ ፈጣን ካሜራ ያስፈልጋል ተብሎ ይታሰባል። በተግባር ግን ጊዜውን የሚቆርጠው ካሜራው ሳይሆን ብርሃኑ ነው። ከ40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የተለቀቀች ጠብታ ውሃው ዘንድ ስትደርስ በሰከንድ 2 ነጥብ 8 ሜትር ያህል ትጓዛለች። የካሜራው መዝጊያ ለሰከንድ 250ኛ ቢከፈት፣ ጠብታዋ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ11 ሚሊ ሜትር በላይ ስለምትሄድ ምስሉ ላይ የምትቀረው እንደ ጭረት ተስባ ነው። በአንጻሩ መዝጊያው በጨለማ ክፍል ውስጥ ለሙሉ አንድ ሰከንድ ተከፍቶ ቢቆይና ለሰከንድ 20 ሺሕኛ ብቻ የሚበራ ፍላሽ ቢበራ፣ ጠብታዋ ብርሃን ባረፈባት ጊዜ የተጓዘችው ከአንድ ሚሊ ሜትር ሰባተኛ አይበልጥም። ቀሪው ሰከንድ ጨለማ በመሆኑ በምስሉ ላይ አንዳች ነገር አይጨምርም።

ይህንን መርህ ከቤተ ሙከራ አውጥተው ለሕዝብ ዕይታ ያበቁት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህሩ አሜሪካዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ናቸው። ኤጀርተን መጀመሪያ ያጠኑት የሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ሲሆን፣ በጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ የሚበራ አጭር ብልጭታ ሞተሩን የቆመ አስመስሎ እንደሚያሳይ ካረጋገጡ በኋላ ወደ ፈሳሾች ተሸጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 በቀይ ወለል ላይ የወደቀች የወተት ጠብታ ዘውድ መስላ የታየችበት የቀለም ፎቶግራፋቸው በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ኤጀርተን እንከን የለሽ ዘውድ ፍለጋ ለበርካታ ዓመታት ደክመዋል። የወርዚንግተን ምኞት በካሜራ ዘመንም አልጠፋም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ዝነኛው ዘውድ በጥሞና ሲታይ ነጠብጣቦቹ እኩል አይደሉም።

ወተትም ሆነ የሥዕል ቀለም ለዚህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ የሚመረጡት ብርሃን ስለማያሳልፉ ቅርጻቸው ጎልቶ ስለሚታይ ነው። በውሃ ውስጥ የሚሰምጥ የጽሕፈት ቀለም ግን የራሱ የሆነ ሌላ ጠባይ አለው። ቀለሙ ከውሃው ጥቂት የሚከብድ በመሆኑ ወደታች ይወርዳል፤ ሲወርድም በዙሪያው ያለው ውሃ ጠርዙን ወደኋላ ስለሚጎትተው ራሱን ጠቅልሎ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ጥቂት እንደወረደ ይበጠስና ከየስብርባሪው ሌሎች ትናንሽ ቀለበቶች ይወለዳሉ። ጄ. ጄ. ቶምሰንና ኤች. ኤፍ. ኒዋል እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ እነዚህ ቀለበቶች አፈጣጠር የምርምር ጽሑፍ አሳትመዋል። ስኮትላንዳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዳርሲ ቶምሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 በታተመው ስለ ዕድገትና ቅርጽ በሚያትተው መጽሐፋቸው የሚሰምጡ ጠብታዎችን ቅርጽ ጃንጥላ ከሚመስሉት የባሕር እንስሳት ጋር አነጻጽረውታል።

ብዙ ሰው ቀለሙ በውሃ ውስጥ «ሟሟ» ይላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ፍጹም በረጋ ውሃ ውስጥ የቀለም ሞለኪውሎች በራሳቸው እንቅስቃሴ ብቻ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ለመሰራጨት ከአንድ ቀን ያላነሰ ጊዜ ይወስድባቸዋል። በሰከንዶች ውስጥ ብርጭቆውን የሚሞላው ቀለም እንግዲህ በውሃው አዙሪት ተሸክሞ የሚወሰድ እንጂ በራሱ የተሰራጨ አይደለም።

ይህንኑ በግልጽ ያሳዩት በማንችስተር ያስተምሩ የነበሩት ኦስቦርን ሬይኖልድስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተሙት ጥናት በመስታወት ቱቦ ውስጥ በሚፈስ ውሃ መሐል ቀጭን የቀለም ክር ለቀቁ። ውሃው በዝግታ ሲፈስ ክሩ ሳይዛነፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘረጋ። ፍጥነቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ግን ክሩ በድንገት ተበታትኖ ቱቦውን በደበዘዘ ቀለም ሞላው። ለዓይን የታየው ይህ ብቻ ነበር። ሬይኖልድስ ቱቦውን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብርሃን ሲመለከቱት የደበዘዘው ቀለም የተጠማዘዙ አዙሪቶች ክምችት ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ጥናት የመነጨውና በስማቸው የሚጠራው ቁጥር፣ በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ በሥርዓት ይፈስ ወይም ይታወክ እንደሆነ ለመለየት ዛሬም የውሃ መስመር የሚነድፉ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ነው። በክብ ቱቦ ውስጥ ለውጡ የሚጀምረው ቁጥሩ 2 ሺሕ አካባቢ ሲደርስ ነው።

ወደ ሥዕል ቀለም ስንመለስ፣ በአሁኑ ወቅት በፎቶግራፍ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ዘዴ የድምፅ ማጉያን መጠቀም ነው። በድምፅ ማጉያው ላይ ስስ ላስቲክ ይወጠርና የተለያየ መልክ ያላቸው ቀለሞች በጠብታ ይደረጉበታል። ድምፅ ሲለቀቅ ላስቲኩ ይርገበገባል፤ ቀለሙም ወደላይ ተፈናጥሮ ክርና ዓምድ ይሠራል። ክሮቹ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ዶቃነት ይለወጣሉ። ምክንያቱ የፈሳሹ ገጽ ስፋቱን ለመቀነስ የሚያደርገው ግፊት ሲሆን፣ አንድ የፈሳሽ ዓምድ ርዝመቱ ከወገቡ ዙሪያ ሲበልጥ ጸንቶ ሊቆም እንደማይችል ያስረዱት ቤልጅየማዊው ጆዜፍ ፕላቶ ናቸው። ፕላቶ በ1840ዎቹ ዓይናቸው በመጥፋቱ ለዓመታት ያካሄዷቸውን የፈሳሽ ሙከራዎች ይመለከቱላቸው የነበሩት ሌሎች ሰዎች ነበሩ። የቀለም ወፍራምነትም ወሳኝ ነው። ከመጠን በላይ የቀጠነ ቀለም ወዲያው ወደ ብናኝነት ይለወጣል፤ የወፈረው ደግሞ ከላስቲኩ አይነሳም። በመሆኑም ባለሙያዎቹ ውሃ እየጨመሩ ደጋግመው መሞከር ግድ ይሆንባቸዋል።

ሙከራውን ለማካሄድ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ የመስታወት ገንዳ፣ ከጀርባው የሚደረግ ነጭ ወረቀት፣ የመድኃኒት ማንጠባጠቢያ እና በእጅ የሚስተካከል ፍላሽ ይበቃል። ውሃው አስቀድሞ ፈልቶ ቢቀዘቅዝ የአየር አረፋ አይኖረውም። የካሜራው ትኩረት ጠብታዋ በምትወድቅበት ስፍራ በቆመ ማስመሪያ ላይ ይስተካከልና ማስመሪያው ይነሳል። ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት ፍላሹን በሙሉ ኃይል በመጠቀም ነው፤ በአብዛኞቹ ትናንሽ ፍላሾች ኃይሉ ሲቀነስ ብርሃኑ የሚቆይበት ጊዜም ያጥራል። ስለሆነም ፍላሹን ወደ ገንዳው አቅርቦ ኃይሉን መቀነስ የተሻለ ውጤት ያስገኛል። በስቱዲዮ የሚገኙ አንዳንድ ትላልቅ ፍላሾች ግን ተቃራኒ ጠባይ ስላላቸው የአምራቹን መመሪያ ማየት ይገባል። የኤሌክትሪክ ገመድ ከውሃው መራቅ እንዳለበት ለማንም የሚጠፋ አይደለም።

ዘዴው ከሥነ ጥበብ ባለፈ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ውጤትም አለው። ቀለም እየረጨ የሚጽፍ ፕሪንተር በወረቀት ላይ ፊደል የሚያሳርፈው፣ መጠናቸው ከሊትር ትሪሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ የሆኑ ጠብታዎችን በሰከንድ በርካታ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት በማስወንጨፍ ነው። ጠብታዋ ከቀዳዳው ስትወጣ ጅራት ታስከትላለች፤ ጅራቷ በፕላቶ ሕግ መሠረት ይበጠስና ተከታይ ጠብታዎችን ይፈጥራል። እነዚህ ተከታዮች ከታለመላቸው ስፍራ ውጪ ሲያርፉ የፊደሉ ጠርዝ ይሻክራል።

የፕሪንተር መሐንዲሶች ይህንን ጉድለት ለማጥናት ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ዘዴ የወርዚንግተንን ይመስላል። ብርሃኑ ከጠብታዎቹ መውጫ ጊዜ ጋር ተጣጥሞ ደጋግሞ ሲበራ፣ በየተራ የሚያልፉ በርካታ ጠብታዎች ተደራርበው አንዲት የቆመች ጠብታ መስለው ይታያሉ። ምስሉ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን አማካይ ነው። ከመቶ አንዷ ጠብታ ብታፈነግጥ በድርቡ ውስጥ ተውጣ ትቀራለች። አፈንጋጯን ለማግኘት አንዲት ጠብታ በአንድ ብልጭታ ብቻ መነሳት አለባት። የሁለት ትሪሊዮንኛ ሊትር ጠብታ ስፋቷ ከ16 ሺሕኛ ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥና በሰከንድ 7 ሜትር ስትጓዝ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ የስፋቷን ግማሽ ያህል ስለምትሄድ፣ የወርዚንግተን ብልጭታ ለዚህ ሥራ እጅግ ዘገምተኛ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ለነጠላ ጠብታ ፎቶግራፍ ጥቅም ላይ የሚውለው ብርሃን ለሰከንድ ቢሊዮንኛ ጥቂት አሥሮች ብቻ የሚቆይ ነው።