ጠያቂው ከነአገሩ

ጋዜጠኛና ደራሲው ጳውሎስ ኞኞ ሲነሳ ብዙ ሰው «አጤ ምኒልክ» የተባለውን መጽሐፉን ይጠራል፤ ይገባዋልም። ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለ ትምህርት ይዞ ያን ሁሉ እንዴት ጻፈ የሚለውም ተደጋግሞ ተወርቷል። እኔ ግን የጋዜጠኛን ዓምድ የምለካው በ1960ዎቹ በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ያዘጋጀው በነበረው «አንድ ጥያቄ አለኝ» ነው። አንባቢ በደብዳቤ ይጠይቃል፣ ጳውሎስ በጋዜጣው ይመልሳል፤ በቃ።

ይህን ዓምድ የቀልድ ዓምድ ብቻ አድርጎ ማውራት ተለምዷል። በየቴሌግራሙ የሚዞረው ጠያቂው ሞኝ፣ ጳውሎስ ተሳዳቢ የሆነበት ነው፤ ቀን የለው፣ የጋዜጣ ቁጥር የለው። ከመሀሉ የትኛው የእሱ፣ የትኛው የለጣፊው እንደሆነ በምን ይለያል? እባካችሁ፣ ሰውየው ራሱ የጻፈው ሞልቶ ተርፎ ሳለ ፈጠራችሁን አታሸክሙት።

ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ገብቶ የተጠረዘውን ጋዜጣ የገለጠ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ከጥያቄው ጋር የጠያቂው ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፍበት አገር ታትሟል። አንባቢ ዘሎት የሚያልፈው ይህ ትንሽ መስመር ለእኔ የዓምዱ ዋና ነገር ነው። ስሙንና አገሩን ያስታወቀ ሰው የምሩን ይጠይቃል፤ የጨነቀውን ወይም የተከራከረበትን ይዞ ይመጣል። ስለ ትዳሩ የሚጠይቀውና ስለ ሳይንስ የሚጠይቀው አንድ ገጽ ላይ ተጎራብተዋል። መላሹም ዝም ብሎ «አንባቢ» ለሚባል ሳይሆን አድራሻ ላለው ሰው ይጽፋል። አንድ መስመር ከበቃው በአንድ መስመር ይጨርሳል፤ ነገሩ ማብራሪያ ሲፈልግ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያስረዳል። ይቀልዳል፣ አንዳንዴም ይቆነጥጣል፤ የተቆነጠጠው ሰው ግን ብዕር በእጁ ነው፣ መልሶ መጻፍ ይችላል። ቀልዱን ከነመልሱ ቀንጭበው የጠያቂውን ስም የሚያስቀሩት ይህንን መመላለስ ነው የሚጥሉት።

የዛሬ ዓምደኞቻችን አብዛኞቹ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ። ማንም ያላነሳውን ጥያቄ «ብዙዎች እንደሚጠይቁት» ብለው ይጀምሩና ሁለት ገጽ ያስኬዱታል። የትኞቹ ብዙዎች? ከየት አገር?

የድሮውን ጋዜጣ ለማየት የምትሄዱ፣ ጣት በምራቅ እያራሱ መግለጥ ይቅር፤ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ዓምዱን ስታገኙ መልሱን በእጃችሁ ሸፍኑና ጥያቄውን ብቻ አንብቡ። ከዚያ እናንተ ብትሆኑ ምን እንደምትመልሱ ጻፉና ስንት መስመር እንደፈጀባችሁ ቁጠሩ።