ሽርሽሩ ለእናትም ይሁን

እርስዎ የመካኒሳ አቦ ነዋሪ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ገበታ ላይ የሚውሉ እናት ከሆኑ፣ ልጆች «እሑድ ቢሾፍቱ እንሂድ» ሲሉ የሚሰማዎት ደስታ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ምሳ የሚቋጥረው፣ ማታ ተመልሶ ዕቃ የሚያጥበው ማን ነው?

ስለዚህ አስቀድመው ሥራውን ያከፋፍሉ። ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ብርቱካን ይበቃል፤ ዶሮ ወጡ ለበዓል ይቆይ። ድንቹን አባት ይቀቅል። (ድንች መቀቀል የማይችል አባት የለም!)

ቢሾፍቱ በቃሊቲ በኩል ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አየሩም ከእኛው ሞቅ ያለ ነው። እዚያ ሲደርሱ ሐይቆቹ እንዴት እንደተፈጠሩ ለልጆች ይንገሯቸው፤ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወውን ጉድጓድ ውኃ ሞላው። ዳሩ ገደላማ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ በመሆኑም ማንም ልጅ «እግሬን ልታጠብ» ብሎ ብቻውን እንዳይወርድ።

ጥበቃው ግን በተራ ይሁን፤ አንድ ሰዓት እናት፣ አንድ ሰዓት አባት። በአባት ተራ እርስዎ ጥላ ሥር ጋቢዎን አንጥፈው ጋደም ይበሉ። «እማዬ!» የሚል ድምፅ ቢሰማም አቤት የሚለው አባት ነው።